ሰባት ካሜራና አንድ ዋስ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ መናገሬ ራሱ ቢያጠራጥራችሁ አልፈርድባችሁም። እኔ የማደርገው ማጣራት ብቻ ነው። ሰው «እንደምን አደርክ» ሲለኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለቴ በፊት «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን?» ብዬ ለአፍታ አስባለሁ። ይኸ ምን ክፋት አለው? ባለቤቴ ግን «አንተ እኮ መስቀል ስትሳለም እንኳ ቄሱን በጎን ነው የምታያቸው» ትለኛለች። ይህን ለምን እንደምትል እያጣራሁ ነው።

ሥራዬ እዚሁ ደባርቅ ነው። የበቅሎ ጫኞች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፤ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ እኔው ጋ ነው። ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳ ድንኳኑንና ስንቁን የሚጭንለት በቅሎ ይፈልጋል፤ በቅሎ ያላቸው ገበሬዎች ደግሞ ከአምቢኮም ከበየዳም ይመጡና ተራቸውን ይጠብቃሉ። የተራውን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ድሮ ጥያቄው በስልክ ይመጣ ነበር። ዛሬ አስጎብኚዎቹ ከአዲስ አበባ በኮምፒውተር ይልኩልናል። እኛ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ «ተቀብለናል» የሚለውን ካልተጫንን፣ ሥራው ማንንም ሳይጠይቅ ለጎረቤት ከተማ፣ ለዳባቶቹ ማኅበር ያልፋል። ከዳባቶች ጋር እንጋባለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን፣ ክርስትና እንነሣሳለን። በበቅሎ ተራ ግን አንተዋወቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ከዕቃ ቤት አንድ መጫኛ ጠፋ። መጫኛ ማለት ጭነቱ የሚጠፈርበት ጠፍር ነው። እኔም ወዲያውኑ አንድ ካሜራ አስገጠምኩ። (መጫኛው በኋላ የቤቴን የአጥር በር ያሰርኩበት ሆኖ ተገኘ። ካሜራው ግን ተሰቅሎ አልቆ ነበር፤ የተሰቀለ ይወርዳል እንዴ?) ምስሉ የሚጠራቀመው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ እንዲሆን አዘዝኩ፤ ለብቻው መቅረጫ ሣጥን ቢኖር ሌባ ተሸክሞት ይሄዳል። ገጣሚው ሲጨርስ «ምስሉ ለዓይን እንኳ የማይታወቅ ያህል ቆየት ብሎ ቢደርስ ችግር አለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ቆየት ብሎ? በዚያች ቆየት ውስጥ ስንት ነገር እንደሚሰረቅ ታውቃለህ? ቅንጣቷ ሁሉ እንደ ደረሰች፣ ጓደኛዋን ሳትጠብቅ፣ እዚያው በዚያው ትነገረኝ!»

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ አንድ ሁለት ቦታ ተጫነና ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ጀመረ። እኔ ደግሞ ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ኢንተርኔታችን እየተሰረቀ ነው። ማን ይሰርቃል? ዘበኛችን ባዬ ስልኩን እያየ ፈገግ ይላል። በዚህ ኑሮ ዘበኛ ሆኖ ፈገግ የሚል ሰው አንድ ነገር እየሰረቀ ነው። ሁለተኛው ካሜራ ባዬ ላይ ዞረ። ኮምፒውተሩ ባሰበት። እንግዲያውስ የጎረቤቱ ሆቴል ነው ብዬ ሦስተኛውን በአጥሩ በኩል ሰቀልኩ። ሦስተኛው ካሜራ በነጋታው ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ ተገኘ፤ ባዬ «ቁራ አርፎበት ነው» አለ። ቁራ! አራተኛውን ሦስተኛውን እንዲጠብቅ አቆምኩት። (ቁራ ነበር።) አምስተኛው ራውተሩ ላይ፣ ስድስተኛው ጓሮ በር ላይ ተተከለ። የይለፍ ቃሉን በየቀኑ እቀይረው ጀመርኩ፤ ሁለት ቀን ራሴው ጠፍቶብኝ በር ላይ እንደ ቆመ እንግዳ ሆኜ ዋልኩ። ከዚያም አልፎ፣ የማኅበሩ ገጽ ከዚህ ከአንዱ ኮምፒውተር በቀር ከየትም፣ በማንም ስልክ እንዳይከፈት አዲስ አበባ ደውዬ አሳሰርኩት። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ቁጭ ብዬ «ቁልፉ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ማኅተሙ፣ ይኸ ሁሉ እጁ ላይ ያለው ሰው ማነው?» ብዬ ሳስብ ደነገጥኩ። ሰባተኛውን የገዛ ወንበሬ ላይ አነጣጠርኩት።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ገጽ እስኪከፍት ድረስ ገበያ ደርሶ መመለስ ይቻል ነበር።

ነገሩ የፈላው ግንቦት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ቡድን እስከ ራስ ዳሸን የሚወጣ፣ አምስት በቅሎ የሚፈልግ ጥያቄ መጣ። ተራው የአያ ፈንቴ ነበር። አያ ፈንቴ የአምቢኮ ገበሬ ናቸው፤ ስድሳውን ዘለቅ ያሉ፣ ከዘራ የማይለያቸው፣ ዳዊት ደጋሚ ሰው። በቅሎዎቻቸውን ይዘው ደባርቅ ከገቡ አራተኛ ቀናቸው ነበር። ሴት ልጃቸው ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ይዛ ወደ ቤታቸው ተመልሳለች። ለእሷ ጎጆ አቁመዋል፤ ግድግዳው ተመርጎ አልቋል፣ የቀረው ክዳኑ ነው። በዚህ ጭነት በሚያገኙት ቆርቆሮውን ገዝተው፣ በዚያው በበቅሎዎቻቸው ጭነው፣ ዝናቡ ሳይገባ ሊያለብሱት ነው ሐሳባቸው። ከክረምት በፊት ደግሞ ከዚህ ቡድን ሌላ የሚጠበቀው አንድ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከጠዋቱ ሁለት ጀምሮ እሳቸው በሩ ላይ ጆንያ አንጥፈው፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጬ፣ ገጹ እስኪከፈት እንጠብቃለን። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። ገጹ ግማሹን ያሳየኛል፣ ይነጣል፣ እንደ ገና ይጀምራል።

«ምነው፣ ታሟል?» አሉኝ አያ ፈንቴ።

«እየሰረቁን ነው፣ አያ።»

«ማን?»

«እሱን ነው የማጣራው።»

አምስት ሰዓት ሲል ሊቀመንበራችን ከጎንደር ያስጠራት የኮምፒውተር ባለሙያ ደረሰች። ሰናይት ትባላለች፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እጅ ነሥታ ሰላም አለችንና ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ያውም ሳታስፈቅደኝ! ሰባተኛው ካሜራ መኖሩ ያን ጊዜ ነው የጠቀመኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የዘገየው፣ ጋሼ?»

«ሌቦቹ ከመጡ ጀምሮ።»

«የትኞቹ ሌቦች?»

«እሱን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።»

አየት አደረገችኝና ኮምፒውተሩ ላይ የሥራውን ብዛት የሚያሳይ መስኮት ከፈተች። አንድ መስመር እስከ ጣሪያው ወጥቶ እዚያው ተጋድሟል።

«ኢንተርኔቱ ደህና ነው» አለች። «የሚሰርቃችሁ ሰው የለም። የደከመው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ስንት ካሜራ ነው ያላችሁ?»

«ሰባት።»

«ለዚህ ቢሮ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

«ካሜራዎቹ የሚልኩት ምስል ተቆራርጦ፣ በትንንሹ ታሽጎ ነው የሚመጣው» አለች፣ የኮምፒውተሩን ጀርባ በጣቷ መታ መታ እያደረገች። «የሚቀበለው እዚህ ውስጥ ያለው የኔትወርክ ካርድ ነው። ካርዱ አንድ እሽግ በደረሰው ቁጥር ፕሮሰሰሩን፣ ማለት የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ‹ተነሥ፣ መጣልህ› ይለዋል። እሱ የያዘውን ሥራ ጥሎ ይነሣል፣ ያያል፣ ይመለሳል። በወጉ ሳይቀመጥ ደግሞ ሌላ ይጠራዋል። ሲነሣ ሲቀመጥ እየዋለ የእናንተን ገጽ መቼ ይክፈት?»

አያ ፈንቴ ከበሩ ላይ ቀና አሉ። «እንዴ! ለእያንዳንዷ ድንች አንድ በቅሎ?»

«በትክክል፣ አባቴ!»

«ኧረ በጆንያ አድርጓት! ምን ዓይነት ጭነት ነው?»

«እሱን ነው የምለው። ካርዱ እሽጎቹን ሚሞሪው፣ ማለት የኮምፒውተሩ ዕቃ ቤት ላይ ደርድሮ፣ ጠርቀም ሲሉለት አንዴ ይጥራው።»

ሁለቱ ተግባብተው ሣቁ። እኔ ግን የዕቃ ቤት ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ።

«ቆይ፣ ቆይ። ፕሮሰሰሩ ሳያይ ዕቃ ወደ ሚሞሪ ይገባል ነው የምትይኝ?»

«ይገባል።»

«ሳይፈርም?»

«ምን ብሎ ነው የሚፈርመው፣ ጋሼ? ቦታው አስቀድሞ ተለክቶ ለካርዱ ይሰጠዋል፤ ከተሰጠው ቦታ ውጭ አያስቀምጥም። ደግሞ ማስቀመጡንማ ድሮም ራሱ ካርዱ ነው የሚያስቀምጠው። የበዛው ጥሪው ነው።»

«ድሮም?» ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ቤት ውስጥ ዕቃ ያለ ፊርማ ሲገባ ነበር ማለት ነው።

ሰናይት ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ ስትፈልግ ቆየችና «ይኸው» አለች። «ሰብስቦ እንዲጠራ የሚያደርገው እዚህ ጋ ነው። ከፋብሪካው በርቶ ነው የሚመጣው። ይህን ግን አንድ ሰው አጥፍቶታል።»

«አላልኩም!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ሰው ነክቶታል! አላልኩም፣ አያ?»

«ማን ሊነካው ይችላል?» አለች።

የተጠርጣሪዎቼን ስም ልዘረዝር አፌን ከፈትኩ። ባዬ፣ ሆቴሉ፣ ቁራው... እዚህ ላይ ያ የካሜራ ገጣሚ ትከሻውን ሲነቀንቅ ትዝ አለኝ። ጓደኛዋን ሳትጠብቅ። እዚያው በዚያው። ያን ያለው የኔ አፍ ነው። ጆሮዬ ጋለ።

«እናጣራለን» አልኩ።

ሰዓቱ አምስት ተኩል ሊሆን ነው። ሰናይት ሁለት መንገድ አለ አለች። አንዱ ካሜራዎቹን እስከ ስድስት ሰዓት መንቀል ነው። «ካሜራ ይነቀል የሚል ሌባ ብቻ ነው» ብዬ እሱን ዘጋሁት። ሁለተኛው ያን የጠፋውን ነገር መልሶ ማብራት ነው። «ሲበራ ግን ካርዱ ጠፍቶ ነው የሚነሣው፤ መሥመሩ አምስት ስድስት ሴኮንድ ይቋረጣል» አለች።

እሺ ልል ነበር፤ እግዜር ያያል፣ ልል ነበር። ስልኳ ጮኸ። «አቤት እማዬ፤ አሁን ደባርቅ ነኝ፤ ስጨርስ ወደ ቤት እመጣለሁ» አለች።

«ቤትሽ ጎንደር አይደለም እንዴ?» አልኳት ስትዘጋው።

«ሥራዬ ነው ጎንደር። ቤተሰቦቼ ዳባት ናቸው።»

ዳባት! ሥራው ከኛ ካመለጠ የሚወስደው ማነው? ዳባት። በአምስት ሰዓት ተኩል መሥመራችንን ልቁረጥ የምትለው የማን ልጅ ናት? በእሷና በኮምፒውተሩ መሐል ገብቼ ቆምኩ።

«ምን ሆነሃል?» አሉ አያ ፈንቴ።

«ዋስ የላትም!» አልኩ። ከየት እንዳወጣሁት እኔም አላውቅም። በኛ ማኅበር ግን መጫኛ እንኳ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። አንዴ ከአፌ ወጥቷል፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

ሰናይት ሣቀች፤ ቀልድ መስሏት። ፊቴን ስታየው ተወችው።

«ዋስ ከሆነ እኔ አለሁ» አሉ አያ ፈንቴ።

«እርስዎ? ሥራው ቢጠፋ የሚጎዱት እኮ እርስዎ ነዎት!»

«ለዚህ ነው የምዋሳት። የማይጎዳ ሰው ቢዋስ ምን ዋጋ አለው? በል ቶሎ ጻፍ፣ ሰዓቱ ሄደ።»

ጻፍኩ። ቶሎ ግን አልጻፍኩም። የዋስትና ወረቀት በጥድፊያ አይጻፍም፤ ኋላ ቀዳዳ ይገኝበታል። «ይህች ባለሙያ በማኅበሩ ሥራ ላይ ለምታደርሰው ጥፋት ሁሉ ዋሱ ተጠያቂ ነኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሠርዤ አስተካከልኩት። ባዬን ምስክር አድርጌ አስገባሁት። ማኅተሙ ከተቆለፈበት መሳቢያ ወጣ። አያ ፈንቴ ደግሞ ብዕር ሲይዙ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው፣ ፊደሉን ቆመህ እይልኝ እያሰኙ፣ አንድ በአንድ ጣሉት። ሰናይት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ጥፍሯን ትነክሳለች። ማኅተሙን ስመታ ለስድስት ስምንት ጉዳይ ነበር።

«አሁን ልጫን?» አለች።

«ተጫኚ።»

ተጫነች። የኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ቀይ መስቀል ብቅ አለ። መሥመሩ ተቋረጠ። እንደሚቋረጥ ነግራኛለች፤ አውቃለሁ። አያ ፈንቴ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ይቆጥራሉ። እኔ ግን የሚታየኝ ቀዩ መስቀል ብቻ ነው። «ቆረጠችን! ዳባቶች ቆረጡን!» ስል ለራሴ ይሰማኛል። አራት ሲሉ ጎንበስ ብዬ የኮምፒውተሩን የመብራት ገመድ ከግድግዳው መንጭቄ ነቀልኩት።

ስክሪኑ ጠቆረ።

«ጋሼ» አለች ሰናይት፣ ቀስ ብላ፣ «ምን አደረጉ?»

ምን እንደማደርግ ባውቅ ኖሮ አላደርገውም ነበር። መልሼ ሰካሁት። ያ ኮምፒውተር ተኝቶ ለመነሣት ዱሮም ዳተኛ ነው፤ ያለ ወጉ ሲቀሰቀስ ደግሞ ሆድ ይብሰዋል። ዲስኩን ልመርምር አለ። መረመረ። ሲጨርስ ስድስት ሰዓት ካለፈ አምስት ደቂቃ ሆኗል። ገጹን ነካሁት። ጣቴን ሳላነሣ ብርግድ ብሎ ተከፈተ! እንዲህ ያለ ፍጥነት በዕድሜዬ አላየሁም። በንጹሕ ፊደል «ጊዜው አልፏል። ጥያቄው ለዳባት ማኅበር ተላልፏል» ይላል።

አያ ፈንቴ አንብበው ጆንያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄን ምን እላታለሁ?» አሉ ለራሳቸው። «ከዝናቡ በፊት ብያት ነበር።»

ነገር ግን ጉዱ ገና አላለቀም። በደንባችን ሥራ ያመለጠው ሰው ከተራው መጨረሻ ይገባል፤ ጥፋቱ የጽሕፈት ቤቱ ካልሆነ በቀር። ጥፋቱ የጽሕፈት ቤቱ ከሆነ ተራው አይነካም፣ ያ የቀረው ቡድን የሳቸው ይሆናል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ደግሞ በጽሑፍ የሚያስታውቀው ጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ማነው?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ያየሁት ሰናይትን ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ለኔ አዲስ አይደለም። ልጅቱ የዳባት ልጅ ናት፣ የተጫነችው እሷ ናት፣ መሥመሩም ተቋርጧል፤ ማን ይጠይቀኛል? እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት። ማኅተሙ ገና አልደረቀም። «ለምታደርሰው ጥፋት ሁሉ ዋሱ ተጠያቂ ነኝ።» ሁለት ጊዜ ሠርዤ ያስተካከልኩት፣ ቀዳዳ የሌለው ወረቀት። እሷን ብከስ የሚወድቀው እሳቸው ላይ ነው፤ ሥራውም፣ ተራውም፣ ቆርቆሮውም። ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «አሁን ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ያን ነገር በፊትም ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። ካሜራው ወዲያው ወዲያው ይንገረኝ ብዬ።»

አያ ፈንቴ ብዕሩን ገፋ አደረጉልኝ። «ጻፈው» አሉ።

ይህንንስ ቶሎ ጻፍኩ። አራት መሥመር ነው። ሰጠኋቸው፤ አነበቡት፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ አለ» አሉ። «ይህንኑ በሰው ፊት ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ።»

«እስከ እሑድ ስንት ቀን አለ! ሰው ሲያድር ይለወጣል። ቃልህን እንዳታጥፍ ዋስ ጥራ።»

«እኔ? በገዛ ቢሮዬ?»

«ደንቡ ያንተ ነው።»

ባዬን አየሁት። ባዬ ቀና ብሎ የሱን ካሜራ አየ፤ ከዚያ እኔን አየና ወደ ደጅ ወጣ። በመስኮቱ ወደ ሆቴሉ ተመለከትኩ፤ የማን ፊት እንደማገኝ አሰብኩና ተውኩት። በዚህች ከተማ ካሜራ ያላዞርኩበት ሰው ፈልጌ አጣሁ። (እሑድ ተናግሬአለሁ፤ ቃል በቃል፣ ላብ በላብ ሆኜ። አያ ፈንቴም የመጨረሻውን ቡድን ጭነው ወጥተዋል። ይህን የምነግራችሁ ልባችሁ እንዲያርፍ ነው። በዚያች ሰዓት ግን የኔ ልብ አላረፈም ነበር።)

ሰናይት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ልትሄድ ቆማ ነበር። ተመልሳ ብዕሩን አነሣች።

«እኔ እሆናለሁ» አለች።

«አንቺ? አታውቂኝም እኮ!»

«አላውቅዎትም። ግን ሲዋሹ ጆሮዎ ይቀላል። ቅድም ‹እናጣራለን› ሲሉ አይቼዋለሁ። አሁን አልቀላም።»

ቅድም ሁሉን ታውቅ ነበር ማለት ነው። ዝም ያለችው ለኔ አፍራልኝ ነው። ፈረመችና ሰጠችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት፤ እውነተኛ ፊርማዋ መሆኑን ለማየት ያህል ብቻ ነው። አያ ፈንቴ በከዘራቸው እጄን መታ አደረጉኝ።

«አስቀምጠው!»

አስቀመጥኩት።